ስለ ጋብቻ አገናኞች ታሪክና ልጇን ብቻዋን ስለምታሳድግ እናት ምርጫ

ጋብቻ በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጸም ውል ቢሆንም፥ ሁለቱን አስቀድሞ የሚያስተዋውቅ ሦስተኛ ወገን ያልነበረበት ዘመን ጥቂት ነው። ይህ ሦስተኛ ወገን በአንዱ አገር ሽማግሌ፥ በሌላው ጋዜጣ፥ በሌላውም ቢሮ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል፤ በዛሬው ዘመን ደግሞ ኢንተርኔት የሚባለው የዓለም መገናኛ መረብ ሆኗል። የአገናኙ መልክ በተለወጠ ቍጥር ሰዎች የሚያገኙት ጥቅምም፥ የሚገጥማቸው አደጋም አብሮ ይለወጣል።

ነገሩ ልጅ ለሌላት ሴት አንድ ጉዳይ ነው፤ ልጇን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅ የሌላት ሴት ባል ስትመርጥ ለራሷ ትመርጣለች። እናት ግን ባል በመረጠች ጊዜ ለልጇ የእንጀራ አባት መምረጧ ነው። ልጁ በምርጫው ላይ ድምፅ የለውም፤ በውጤቱ ግን ከማንም በፊት የሚጠቀመውም የሚጐዳውም እርሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለች እናት ዛሬ ካሉት ብዙ የትውውቅ ድረ ገጾች አንዱን ለመምረጥ በተነሣች ጊዜ የያዘችው ሥራ እንደ ጨዋታ የሚታይ አይደለም።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በታሪክ ብርሃን ልንመለከተው አሰብን፤ ድረ ገጹ አዲስ ቢሆንም ጥያቄው አሮጌ ነውና። አገናኙ ማን ነው? ለቃሉ ዋስ የሚሆነውስ ማን ነው? የሚከፈለውስ ስለ ምን ነው? በየዘመኑ የተነሡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር ዓ.ም. እያልን እንጽፈዋለን።

የሽማግሌው ዘመን

በአገራችን ልማድ የጋብቻ ነገር የሚጀመረው ሽማግሌ በመላክ ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ወደ ሴቲቱ አባት ቤት ይሄዱና፥ ተቀመጡ ቢባሉም እንኳ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ አይቀመጡም። አባትም ጉዳዩን ከሰማ በኋላ ከዘመድ ጋር ልምከር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህ ቀጠሮ ለክብር ሲባል ብቻ የሚሰጥ አልነበረም። በዚያ መካከል የሴቲቱ ዘመዶች የወንዱን ጠባይ፥ ሥራውንና አኗኗሩን ይጠይቃሉ፤ ዝምድናም እንዳይገናኝ ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ዛሬ ባለ ድረ ገጾች ማንነትን ማጣራት የሚሉት ሥራ በዚያ ጊዜ የሚፈጸመው እንደዚህ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋናው ነገር ሽማግሌው ራሱ ዋስ መሆኑ ነው። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደ ሆነ ጉዳዩ የሚቀርበው ወደዚያው ሽማግሌ ነበር። አገናኙ ስምና ቤት ያለው ሰው ስለ ሆነ፥ ስለ ወንዱ ሐሰት ተናግሮ ቢያጋባ በዚያው መንደር ሲያፍር ይኖር ነበር። ስለዚህ አጥብቆ ሳይመረምር አፉን አይከፍትም።

ይሁን እንጂ ያንን ሥርዓት እንከን እንደሌለው አድርገን ልናቀርበው አንወድም። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አባትን እንጂ ሴቲቱን አልነበረም፤ ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውም ልጅ ብዙ ናት። ከባሏ የተለየችይቱ ፈት፥ ባሏ የሞተባትም መበለት ስትባል ኖራለች። በሁለቱም ቃላት ሴቲቱ የምትጠራው በሌላት ባል ነው እንጂ በያዘችው ልጅ አይደለም። እንደገና ስታገባም ልጇን ከአያቶቹ ዘንድ ትታ እንድትሄድ የምትጠየቅበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

ሆኖም ልጆች ያሏት ሴት እንደገና ማግባቷ በአገራችን እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። እቴጌ ጣይቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ሌላ ትዳር ያዩ ነበሩ። እቴጌ መነንም በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ፥ ኋላ ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ሲጋቡ ቀደም ሲል ተድረው ልጆች የወለዱ እመቤት ነበሩ። እንግዲህ የእናትነት ነገር ለአዲስ ትዳር እንቅፋት ነው የሚለው አስተያየት ከታሪካችን የተገኘ አይደለም።

ሕጋችንም ነገሩን በጥንቃቄ ተመልክቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀን ሳይሞላት ሌላ ጋብቻ እንዳትፈጽም ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንኑ የ180 ቀን ጊዜ ጠብቆታል። አለመፀነሷ በሐኪም ማስረጃ የተረጋገጠ እንደ ሆነ ግን እገዳው ይቀራል። የድንጋጌው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚወለደው ልጅ አባቱ ማን እንደ ሆነ እንዳይጠፋ ነው። ሕግ አውጪው ከባልና ከሚስት ፈቃድ ጐን የልጁን መብት አቁሞታል ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የጋዜጣው ዘመን

በአውሮፓ ከተሞች እየሰፉ፥ ሰዎችም ከትውልድ መንደራቸው እየራቁ በሄዱ ጊዜ፥ የዘመድና የጎረቤት አገናኝነት ለሁሉ የሚዳረስ አልሆነም። ስለዚህ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ጋዜጣ መለሱ። ከታወቁት የጋብቻ ማስታወቂያዎች ሁሉ እጅግ ቀደም ካሉት አንዱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1695 በለንደን የወጣው ነው። ማስታወቂያው የታተመው ጆን ሃውተን የተባለው ሰው ስለ እርሻና ስለ ንግድ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ ነበር። ዕድሜው ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ፥ መልካም ርስት ያለው አንድ ሰው 3,000 ፓውንድ ያህል ሀብት ያላት ወጣት እመቤት ለማግባት እንደሚፈልግ ይገልጻል።

በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ ያለው ለውጥ ቀላል አይምሰለን። በሽማግሌው ሥርዓት ስለ ሰውየው የሚመሰክረው ሌላ ሰው ነበር። በጋዜጣው ሥርዓት ግን ሰውየው ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። አታሚው የሚቀበለው የመስመር ዋጋ ነው፤ የቃሉ ዋስ ግን አይደለም። ከ1695 ጀምሮ እስከ ዛሬ የተነሣው ችግር ሁሉ ከዚህች አንዲት ነጥብ የፈለቀ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህም ነጥብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ በ1827 በእንግሊዝ አገር ታየ። በሰፎክ ክፍለ አገር ፖልስቴድ በምትባል መንደር ማሪያ ማርተን የምትባል ሳታገባ የወለደች ሴት ነበረች። ዊልያም ኮርደር የተባለ የገበሬ ልጅ አገባሻለሁ እያለ ከእርስዋ ጋር ኖረ፤ ከእርሱም የወለደችው ሕፃን ሞተ። በግንቦት 1827 ኮርደር በስውር ሄደን እንጋባለን ብሎ በአንድ የእህል ጎተራ ቀጠራትና በዚያው ገድሎ ቀበራት። ለዘመዶቿም ደኅና መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው ሰው በለንደን ጋዜጦች ላይ ራሱን እንደ ጨዋ ሰው አቅርቦ ሚስት እፈልጋለሁ የሚል ማስታወቂያ አሳተመ። ወደ 100 የሚደርሱ ሴቶች መልስ ጻፉለት። ሜሪ ሙር የምትባል አስተማሪ ከመካከላቸው መረጠና አገባት። በሚያዝያ 1828 የማሪያ ሬሳ በጎተራው ተገኘ፤ ኮርደርም በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ቀን በስቅላት ተቀጣ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ስለ ነፍሰ ገዳዩ ክፋት ብቻ አይደለም። ለማስታወቂያው መልስ የሰጡት ሴቶች ሞኞች አልነበሩም። ብዙዎቹ ብቸኝነት የጠናባቸው፥ ሌላም በር የተዘጋባቸው ነበሩ። ጋዜጣው በሩን ከፈተላቸው፤ ነገር ግን ከበሩ በስተጀርባ ማን እንደ ቆመ ሊነግራቸው አልቻለም።

የደብዳቤውና የቢሮው ዘመን

በአሜሪካ በዚያ ሰፊ አገር ላይ ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ፥ በደብዳቤ የሚያስተዋውቁ ማኅበሮች ተቋቋሙ። አባል የሚሆነው ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ስሙንና ሁኔታውን ያስመዘግባል፤ ማኅበሩም የሌሎችን አባሎች አድራሻ ይሰጠዋል። አሠራሩ ከዛሬው ድረ ገጽ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ነው። ከዚህም ዘመን ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሁሉ ልታውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ ተርፎልናል።

በኢሊኖይ ግዛት በቺካጎ አጠገብ ፓርክ ሪጅ በምትባል ከተማ አስታ አይከር የምትባል መበለት ሦስት ልጆች ይዛ ትኖር ነበር። ልጆቿ ግሬታ፥ ሃሪና አናቤል ይባላሉ። አስታ በአንድ የደብዳቤ ማኅበር አማካይነት በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በክላርክስበርግ ከተማ የሚኖር ኮርኔሊየስ ፒርሰን ከሚባል ሰው ጋር መጻጻፍ ጀመረች። ሰውየው በደብዳቤው ሀብታም መሐንዲስ መሆኑን ይናገር ነበር። በ1931 ክረምት መግቢያ ላይ ወደ ቤቷ መጣና ይዟት ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻውን ተመልሶ ልጆቹን ወደ እናታችሁ እወስዳችኋለሁ አላቸው። ልጆቹም ከእርሱ ጋር ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልታዩም።

የጎረቤት ጥርጣሬ ወደ ፖሊስ ደረሰ፤ የፓርክ ሪጅ ፖሊስም ወደ ክላርክስበርግ ጻፈ። ደብዳቤዎቹ የሚደርሱበት የፖስታ ሣጥን የተከራየው ሰው ፒርሰን ሳይሆን ሃሪ ፓወርስ መሆኑ ታወቀ። ፓወርስ የተባለውም ስም የራሱ አልነበረም፤ ሰውየው በሆላንድ አገር የተወለደ ሄርማን ድሬንት የሚባል ነበር። መሐንዲስም አልነበረም፤ ይባስ ብሎም ባለ ሚስት ነበር። በነሐሴ 1931 ኳየት ዴል በምትባል መንደር በሠራው የመኪና ቤት አጠገብ መሬቱ ሲቈፈር የአስታና የሦስቱ ልጆቿ ሬሳ፥ እንደዚሁም በዚያው መንገድ አታሎ ያመጣት የማሳቹሴትስ ሴት የዶሮቲ ለምኪ ሬሳ ተገኘ። ከሌሎች ብዙ ሴቶች ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎችም በእጁ ተገኙ። የተመልካቹ ብዛት ከፍርድ ቤቱ አዳራሽ በላይ ስለ ሆነ ችሎቱ የተዋለው በከተማው የቴአትር ቤት ውስጥ ነበር። መጋቢት 18 ቀን 1932 በስቅላት ተቀጣ። ደራሲው ዴቪስ ግራብ በ1953 ባሳተመው ልብ ወለድ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ወንጀል ነው።

ይህንን አሳዛኝ ታሪክ የጻፍነው እናቶችን ለማስፈራራት አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች በደብዳቤ ተዋውቀው በሰላም ኖረዋል፤ ዛሬም በኢንተርኔት ተዋውቀው መልካም ትዳር የመሠረቱት እጅግ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የአስታ አይከር መንገድ በየትኛው ስፍራ ላይ እንደ ጠፋ ብንመረምር ለዛሬው ምርጫ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። ስሙን ያጣራላት ሰው አልነበረም። የነገራትን ሥራ የሚያውቅ ሰው አልተጠየቀም። ማኅበሩም ክፍያውን ተቀብሎ አድራሻውን ሰጠ እንጂ ባለ አድራሻው ማን እንደ ሆነ አላወቀም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹ የሚኖሩበት ቤት ገና ባልተመረመረ ሰው ዘንድ ታወቀ።

ከዚህ የተለየ አሠራር በ1939 በለንደን ታየ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 17 ቀን ሄዘር ጄነርና ሜሪ ኦሊቨር የተባሉ ሁለት ወጣት ሴቶች በቦንድ ጎዳና የጋብቻ ቢሮ ከፈቱ። ወደ ቢሯቸው የሚመጣውን ሰው በአካል አነጋግረው፥ ጠባዩንና ፍላጎቱን መዝግበው፥ ይስማማሉ ብለው ያሰቧቸውን ያስተዋውቁ ነበር። ሲመዘገብ የሚከፈል ገንዘብ ነበረ፤ የቀረው ክፍያ ግን ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ የሚሰጥ ነበር። በዚህ አሠራር አገናኙ በሙሉ የሚጠቀመው ሰዎቹ የተጋቡ እንደ ሆነ ነው። ይህ የክፍያ ነገር ኋላ ለምናነሣው ጥያቄ ቁልፍ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

የኮምፒዩተሩ ዘመን

በ1964 ጆን ቦል የምትባል እንግሊዛዊት፥ ስሟ በእኛ ጆሮ የወንድ ቢመስልም ሴት ናት፥ ኮምፒዩተርን ለጋብቻ አገናኝነት የሚጠቀም ድርጅት በለንደን አቋቋመች። በተከታዩ ዓመት በ1965 የሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች የሆኑት ጄፍ ታርና ቮን ሞሪል በአሜሪካ ኦፐሬሽን ማች የተባለውን አገልግሎት ጀመሩ። ተማሪው 3 ዶላር ከፍሎ ስለ ራሱና ስለሚፈልገው ሰው የተዘጋጁትን ጥያቄዎች ይመልሳል፤ አይ.ቢ.ኤም. 1401 የሚባለው ኮምፒዩተርም መልሶቹን አስተያይቶ የሚስማሙትን ሰዎች ስም ያወጣለታል።

ብዙ ሰዎች በዚያ ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሰውን ልብ የሚያነብ መስሏቸው ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኮምፒዩተር የተጻፈለትን መልስ ከተጻፈለት መልስ ጋር ያስተያያል እንጂ፥ መልሱ እውነት ይሁን ሐሰት አይመረምርም። ትዕግሥተኛ ነኝ ብሎ የጻፈ ቁጡ ሰው በመኪናው ዘንድ ትዕግሥተኛ ሆኖ ይቈጠራል። ልጅ እወዳለሁ ያለውም እንደዚሁ ነው።

ኢንተርኔት ለሕዝብ በተከፈተ ጊዜ ጋሪ ክሬመን የተባለው አሜሪካዊ ማች ዶት ኮም የተባለውን ድረ ገጽ በ1995 ሥራ አስጀመረ። በ2000 ዶክተር ኒል ክላርክ ዋረን ያቋቋሙት ኢሃርመኒ ጋብቻ ለሚፈልጉ ሰዎች ረጅም የጥያቄ ዝርዝር ይዞ ተነሣ። በ2012 ቲንደር የእጅ ስልክን ተከትሎ መጣ፤ ሰዎችም ፎቶግራፍ እያዩ በጣት በመግፋት ብቻ መምረጥ ጀመሩ። በ2014 የወጣው ባምብል ደግሞ በወንድና በሴት መካከል የመጀመሪያውን ቃል የምትጽፈው ሴቲቱ እንድትሆን ደንግጎ ተነሣ። በመጨረሻም በ2022 የማች ኩባንያ ስተር የተባለውን መተግበሪያ ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ ወላጆች ለይቶ አወጣ፤ ወላጆቹ ከልጅ ጥበቃ ነጻ የሚሆኑበትን ሰዓት የሚያስታውቁበት የጊዜ ሰሌዳም ጨመረበት።

ይህ የመገናኛ መንገድ ምን ያህል እንደ ሰፋ ለማወቅ የስታንፎርዱ ሊቅ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ በ2019 ያወጡትን ጥናት መመልከት ይበቃል። በአሜሪካ በ2017 ከተገናኙት ጥንዶች፥ የወንድና የሴት ጥንዶች ማለት ነው፥ 39 በመቶ የሚሆኑት የተዋወቁት በኢንተርኔት ነው። በ1995 ቍጥሩ 2 በመቶ ብቻ ነበር። በዘመድና በወዳጅ አማካይነት መተዋወቅ የቀነሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ቦታውን ለመኪና ለቀቀ ማለት ነው።

የአጭበርባሪውም ገበያ አብሮ ሰፋ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም መታለላቸውን አመልክተዋል፤ ያጡት ገንዘብም 1.3 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። የፓወርስ የፖስታ ሣጥን ዛሬ በሺህ የሚቈጠር ሆኗል።

ታሪኩ ለእናት የሚለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት የትኛውን ድረ ገጽ ትምረጥ የሚለውን ጥያቄ እንመልስ። የአንዱን ስም ጠርተን ይህ ይሻላል ማለት አይገባንም፤ ዛሬ መልካም የሆነው ነገ ሊለወጥ ይችላልና። ነገር ግን ታሪኩ ራሱ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ያቀርብልናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋስትና ነው። ድረ ገጹ የአባሉን ማንነት በምን ያረጋግጣል? መታወቂያ ይጠይቃልን? ፎቶግራፉ የራሱ መሆኑን ይመረምራልን? በወንጀል የተቀጣውንስ ይለያልን? በ2019 በአሜሪካ የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ እንዳመለከተው፥ ብዙ ድረ ገጾች የያዘ አንድ ኩባንያ የወሲብ ወንጀለኞችን መዝገብ የሚያመሳክረው በአንዱ ድረ ገጽ ላይ በሚከፍሉት አባሎች ብቻ ነበር፤ በነጻ የሚጠቀሙትን ግን አያመሳክርም ነበር። ስለዚህ ምርመራ አለ የሚለውን ቃል ሰምቶ ማለፍ አይበቃም፤ ምርመራው በማን ላይ እንደሚፈጸም መጠየቅ ያስፈልጋል። የተቀጣ ሰው ብቻ በመዝገብ እንደሚገኝም አይዘነጋም፤ ሃሪ ፓወርስ ሚስት ፈላጊ ሆኖ ሲጽፍ ስለ መግደል የተፈረደበት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ክፍያ ነው። የለንደኑ ቢሮ የሚጠቀመው ሰዎቹ ሲጋቡ ነበር አልን። ወርኃዊ ክፍያ የሚቀበል ድረ ገጽ ግን አባሉ ባገባ ጊዜ ደንበኛውን ያጣል፤ በነጻ የሚያገለግለውም የሚኖረው አባሉ ብዙ ሰዓት በገጹ ላይ በመቈየቱ ነው። ይህን ስንል ባለቤቶቹ ሁሉ ክፉ ናቸው ማለታችን አይደለም። ክፍያ የሚከፍል ሰው ቍም ነገር ፈላጊ የመሆኑ ተስፋ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ገንዘብ መክፈል ጠባይን አያስመሰክርም። እናቲቱ ጊዜዋ ጠባብ ስለ ሆነ ሌሊቱን ሁሉ ፎቶግራፍ ከሚያስገፋት ይልቅ ጥቂት ሰው አቅርቦ በሰፊው የሚያነጋግራትን ብትመርጥ ይሻላታል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ጥያቄ ለወላጆች ብቻ የተለየ ድረ ገጽ ይሻላልን ወይስ ለሁሉ የተከፈተው የሚል ነው። የተለየው ድረ ገጽ ግልጽ ጥቅም አለው። እናቲቱ ልጅ አለኝ ብላ እንደ ጥፋት መናዘዝ አያስፈልጋትም፤ ልጅ ታሞብኝ ቀረሁ ብትል የሚገባው ሰው ታገኛለች። ነገር ግን ሁለት ነገሮች በሚዛኑ ሌላ ወገን ላይ አሉ። አንደኛው፥ የአባሎቹ ቍጥር ትንሽ ስለሚሆን ምርጫው ይጠብባል። ሁለተኛውና የሚከብደው ግን፥ እናቶች ተለይተው የሚሰበሰቡበትን ስፍራ መልካም ሰው ብቻ ሳይሆን ክፉም ሰው ያውቀዋል። ልጆችን የሚፈልግ አጥፊ እናቶች ወደሚገኙበት በር ቢሄድ ሊያስገርመን አይገባም። ስለዚህ በተለየው ድረ ገጽ ውስጥ ጥንቃቄው ሊላላ አይገባውም፤ እንዲያውም ሊጠብቅ ይገባዋል።

አራተኛው ጥያቄ ልጁን የሚመለከት ነው። ልጅ አለኝ ማለትና ልጁን ማሳየት አንድ አይደሉም። እናትነትን መሸሸግ መልካም አይደለም፤ በውሸት የተጀመረ ነገር ወደ እውነት ለመመለስ ይቸገራልና። ነገር ግን የልጁን ፎቶግራፍ፥ ስሙን፥ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፥ የሚኖርበትንም ሰፈር በዚያ ገጽ ላይ ማውጣት አይገባም። በትምህርት ቤት ልብስ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ለእንግዳ ሰው ብዙ ነገር ይነግረዋል። ሰውየውንም ቤት ከመጥራት በፊት በአደባባይ ስፍራ በቀን መገናኘት፥ የምትሄድበትንም ቦታና ሰዓት ለእኅት ወይም ለወዳጅ መንገር ይገባል። ገና ባልተያዩበት ገንዘብ የሚጠይቅ፥ ወይም ልጁን አምጪልኝ እያለ የሚያስቸኩል ሰው ቢያጋጥም ነገሩን በዚያው ማቋረጥ ነው። ዛሬ ፎቶግራፍና ድምፅ እንኳ በኮምፒዩተር ሊፈጠር ስለሚችል በስልክ ሰማሁት ማለት ሰውየውን አወቅሁት ማለት አይደለም።

አምስተኛውም ስለ ጊዜ ነው። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሕጋችን 180 ቀን ያቆመው ስለ ልጁ ሲል እንደ ሆነ ከላይ ተመልክተናል። የሕጉ ምክንያት የተወሰነ ቢሆንም መንፈሱ ለሌላም ይጠቅማል፤ አዲሱ ሰው ከልጁ ጋር ሳይተዋወቅ እናቲቱ ራሷ ብቻዋን የምታውቅበት ጊዜ እንዲኖር ያስፈልጋል። ልጅ ቶሎ ይለምዳል፤ የለመደውን ሰው በየጊዜው ማጣት ግን ለልጅ ቀላል ኀዘን አይደለም።

ይህ ጉዳይ በውጭ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን በተለይ የቀረበ ነው። በዋሽንግተን ወይም በአውሮፓ ከተሞች ሥራና ልጅ ይዛ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እናት ሽማግሌ የሚመጣበት የአባት ደጅ በአጠገቧ የላትም። በእኛም በአዲስ አበባ ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው እየበዛ ሄዷል። እንዲህ ያለችይቱ እናት ወደ ድረ ገጽ ብትሄድ ልትነቀፍ አይገባትም። ብቸኝነትም እንደ ሌላው ችግር ሁሉ መድኃኒት የሚሻ ችግር ነው፤ እናት መሆኗም ሰው መሆኗን አያስቀረውም።

ነገር ግን አዲሱ አገናኝ በመምጣቱ አሮጌው ይሰናበት የሚል ሕግ የለም። ሁለቱን ማስተባበር ይቻላል። ድረ ገጹ ሰውየውን ያቅርብ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው የሰው ነው። የት ተወለደ? ከማን ጋር ይሠራል? ቀድሞ ባለ ትዳር ከነበረ ስለ መለያየቱ የሚያውቅ ማን አለ? ልጆች ካሉትስ እንዴት ይዟቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ወንድም፥ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፥ የሥራ ባልደረባ ይጠይቅላት። በስልክም ቢሆን ዘመድ ይጠየቅ። እውነተኛ ሰው ቢጠየቅ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ሰው ግን ለጥያቄው በዚያው መልሱን ሰጠ። አስታ አይከርን ሊያድናት ይችል የነበረው ነገር ይኸው ነበር፤ ከመሄዷ በፊት ወደ ክላርክስበርግ የተጻፈ አንድ የምርመራ ደብዳቤ። ያ ደብዳቤ የተጻፈው እርስዋና ልጆቿ ከሞቱ በኋላ ነው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ጋዜጣውም፥ ቢሮውም፥ ኮምፒዩተሩም እስከ ሜዳው የሚያደርስ ፈረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የምትፈጽመው እናቲቱ ናት፤ ስለ ልጇም ስትል ብቻዋን እንዳትሆን ከጐኗ መቆም የእኛ የዘመዶቿና የወዳጆቿ ግዴታ ነው።